የእትዬ ይታይሽ እግር

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

በነጠላዬ አፍንጫዬን ሸፈንኩ። ሌላው ሁሉ ይቆይና መጀመሪያ ይህን ልጻፍ። ሸፈንኩ፤ እሳቸውም አዩኝ።

ከትምህርት ቤት መልስ ለጉባኤ ሰው እየጠራሁ ቤት ለቤት ስዞር ነበር። ጉባኤው የሚመጣው ሳይሆን የዚያኛው እሁድ ነው። ሐሳቡም የእኔ፣ ሩጫውም የእኔ። ሰባኪ ከባሕር ዳር፣ መዘምራን ካደግሁበት ከፍኖተ ሰላም፣ ድምፅ ማጉያ ከቡሬ። እዚህ ገጠር ተመድቤ ማስተማር ከጀመርኩ አንድ ዓመት አለፈኝ፤ በዚህ ሰበካ እንዲህ ያለ ጉባኤ ታይቶ አይታወቅም ይላሉ። ለቄስ ደምሌ "አባ፣ አምስት መቶ ሰው ይመጣል" አልኳቸው። "ይሁን፣ ልጄ" ብቻ አሉ።

ከወንዙ ማዶ፣ ከባሕር ዛፉ ጥግ፣ ለብቻዋ የቆመች ጎጆ አለች። ጎረቤቶች "እዚያስ አትድከሚ" ብለውኝ ነበር። ጭስ ሲወጣ አየሁና ሄድኩ። ደጅ ላይ ቆሜ ሰላምታ ሳቀርብ፣ "ማነሽ? ምን እግር ጣለሽ?" የሚል የሴት ድምፅ መለሰልኝ። አስተማሪዋ እንደሆንኩ፣ ለጉባኤ ልጠራቸው እንደመጣሁ ነገርኳቸው። "አንችንስ ደግ እግር ጣለሽ። እኔንም የጣለኝ እግር ነው" አሉና ሳቁ።

እትዬ ይታይሽ ይባላሉ። በሩን ከፍተው ሲወጡ አየሁት። ሁለቱም እግራቸው ከጉልበት በታች አብጦ፣ ጣቶቹ ተውጠው፣ ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻክሯል። ዝሆኔ። ከሁሉ በፊት የመታኝ ሽታው ነው። እጄ ሳላዘው ወደ ነጠላዬ ሄደ።

ሳቃቸው ቆመ። "ሂጅ ልጄ። ጉባኤ ለሚቆም ሰው ነው" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሌሊቱን አልተኛሁም ማለት ውሸት ነው። ተኝቻለሁ። ስነሳ ግን መጀመሪያ የመጣብኝ ፊታቸው ነው።

ለትዕግስት ነገርኳት። አብራኝ የምትኖር ልጅ ናት፤ የቀበሌው ጤና ኬላ ሠራተኛ። ጥርሷን እየፋቀች ሰማችኝና መፋቂያውን ከአፏ አወጣች። "ለአንች ከፈቱልሽ? እኔ አምና ሁለት ጊዜ ሄጄ በሩን ዘግተው ነው ያናገሩኝ!"

ከእሷ የተማርኩት፦ በሽታው አይተላለፍም። እርግማን አይደለም፤ ድግምትም፣ ምችም አይደለም። ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ የሚያመጣው ነው። ሙሉ በሙሉ ላይድን ይችላል፤ ግን ሽታው ይጠፋል፣ ቁስሉ ይደርቃል፣ እብጠቱም ይቀንሳል። በምን? በማጠብ። በየቀኑ።

የሚያስፈልገው፦
ሳፋ (የእኛ አለ)
ሳሙና
ጥቂት በረኪና፣ ለመዘፍዘፊያው ውሃ፤ ልኩን የምታውቀው ትዕግስት ናት፣ እኔ እንዳልነካው
ቫዝሊን
ንጹሕ ጨርቅ
ካልሲ
ጫማ

"ጫማውን ከየት እናመጣለን?" አልኳት። "እንዲህ ላለ እግር ሱቅ ውስጥ የለም። ይሰፋል እንጂ" አለች።

ከሰዓት ለቄስ ደምሌ ያደረግኩትን ነግሬ ስለ እሳቸው ጠየቅኳቸው። እትዬ ይታይሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ከገቡ ሰባት ዓመት ሆኗል። ቅዳሴ ላይ አንዲት ሴት አፍንጫዋን ይዛ ከአጠገባቸው ተነሳች፤ ሌላዋ ተከተለች፤ እሳቸውም ወጡ፤ አልተመለሱም። አባ ይህን ሲነግሩኝ መሬት መሬት አየሁ። ያቺ ሴት እኔ አይደለሁም፤ ግን እኔም ነኝ። "በየፋሲካው ጠበል ይዤላት ከደጇ እቆማለሁ። ገብቼ ግን አላውቅም። እኔም እንዳንች ነኝ፤ ልዩነታችን፣ እኔ ነጠላዬን ሳልነካ ከሩቅ መቆሜ ነው" አሉኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ታጠበ! የቀኝም የግራም!

ግን በቅደም ተከተል ልጻፍ። ከትዕግስት ጋር ሄድን። እኔ በመንገድ ሁሉ የይቅርታ ቃል ስደረድር ነበር። ስንደርስ ሁሉም ጠፋብኝና "እትዬ፣ ሰኞ ዕለት ነጠላዬን…" ብዬ ቀረሁ። "ነጠላ ለዚያ አይደል የሚለበሰው" አሉ። ትዕግስት ሳቋ አመለጣት። እሳቸውም ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

በደስታ አስገቡን ማለት አይቻልም፤ ግን አልዘጉብንም። ትዕግስት ሁሉንም አስረዳቻቸው። ሰሟትና ወደ እኔ ዞሩ። "ስለ ጉባኤ አንዲት ቃል ካነሳሽ ውሃውን እደፋብሻለሁ።"

እሽ አልኩ።

ውሃ አሙቀን ዘፈዘፍን። ትዕግስት አሳየችኝ፤ በየጣቱ መሐል፣ በየቆዳው እጥፋት፣ ቀስ አድርጎ፣ ሳይፈትጉ። እጄን ሳስገባ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ እውነቱን ልጻፍ። መቼ እንደለቀቅኩት አላውቅም። የሆነ ሰዓት ላይ ሽታ የሚባል ነገር ከሐሳቤ ወጥቶ፣ በቀኝ እግራቸው ተረከዝ ላይ ስላለችው ቁስል ብቻ ነበር የማስበው። ውሃውን ሦስት ጊዜ ቀየርን።

እትዬ ይታይሽ ሙሉውን ጊዜ ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩ። ጨርሰን ስናደርቅ ዝቅ ብለው እግራቸውን አዩት። በአዊኛ አንድ ነገር አሉ። አባታቸው የአዊ ሰው ናቸው። ምን እንዳሉ ብጠይቃቸው፣ "ለእግሬ ነው የነገርኩት፤ አንችን አይመለከትም" አሉኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ዛሬ ብቻዬን ነኝ ያጠብኩት። ትዕግስት ክትባት አለባት።

የጉባኤው ኮሚቴ ስብሰባ ነበረ፤ ረሳሁት። እኔ የጠራሁትን ስብሰባ! ሰብሳቢው መንገድ ላይ አግኝተው ወቀሱኝ። ልክ ናቸው። ድንኳን የሚያመጣ ሰው አልተገኘም፣ ለመዘምራኑ ማደሪያ አልተያዘም፣ እኔ ደግሞ ከወንዝ ማዶ እግር አጥባለሁ። እንደዚህ ብዬ ግን አልነገርኳቸውም። "ሥራ ያዘኝ" አልኩ። ለምን እንደደበቅኩ አላውቅም። ተማሪዎቼ እጄ በረኪና በረኪና እንደሚል ነግረውኛል፤ መደበቁም አልሆነልኝም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ሽታው ግማሽ በግማሽ የለም። ትዕግስት መጥታ አረጋገጠች፤ የእኔ ምኞት ብቻ አይደለም።

ዛሬ እትዬ ይታይሽ አወሩ። ቡሬ አቅራቢያ የተዳረች ልጅ አላቸው፤ ሙሉ ትባላለች። ወንድ ልጅ ወልዳለች። ትናንት ከገበያ የተመለሰ ሰው መልእክት አድርሷቸዋል፦ ክርስትናው እሁድ ጥቅምት 16 ነው፤ እማዬ መንገዱ ይከብዳታልና እዚያው ሆና ትመርቅልን።

"መንገዱ አይደለም የከበዳት" አሉ። "ለባሏ ቤተሰብ ልብ ድካም አለባት ብላ ነው የነገረችልኝ። እግሬን ካዩ ዘር ነው ይላሉ፣ ልጁም ይወርሰዋል ይላሉ። አልፈርድባትም።"

"ዘር አይደለም እኮ፤ አፈሩ ነው" ብዬ ተንጣጣሁ። "ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ፤ ለእነሱ ንገሪያቸው" አሉኝ።

ከዚያ፣ "ልጁን ባየው" አሉ። ይኸው ነው። ሌላ አልጨመሩም። እኔም ከደብተሬ መሐል ሁለት ወረቀት ቀደድኩ፤ አያይዤ መሬት ላይ አነጠፍኩና፣ "ይቁሙበት" አልኳቸው። በእስክሪብቶ ዙሪያውን ሳልኩት። አንዱ ገጽ አልበቃም፤ ለዚህ ነው ሁለት።

"ምን ልታደርጊው ነው?"

"ጫማ።"

"ወይ አንች ልጅ" አሉ። ወረቀቱ ላይ ግን ሳይነቃነቁ ቆሙልኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ፍኖተ ሰላም ደርሼ መጣሁ። መንገዱ ሰላም ነበር፤ ተመስገን።

ከእናቴ ቤት እንኳ ሳልገባ በቀጥታ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳሉት ጫማ ሰፊ ሄድኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጫማዬን የሚሰፉልኝ ሰውዬ ናቸው። ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። የሰው እግር መሆኑን ነገርኳቸው። "ይገባኛል" አሉ፤ "እናቴ እንዲህ ነበረች። ያን ጊዜ ጫማ መስፋት አላውቅም ነበር።" ከዚያ በኋላ ሌላ ደንበኛ ሲመጣ "ነገ ናልኝ" ብለው መለሱት።

እንዲህ ተስማማን፦ ሶሉ ከመኪና ጎማ፤ ላዩ ወፍራም ሸራ፣ ውስጡ ለስላሳ ቆዳ፤ ፊቱ ከጣቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሙሉ በሙሉ የሚከፈት፣ በማሰሪያ የሚላላ የሚጠብቅ። ዓርብ በሚኒባስ ሊልኩልኝ ቃል ገቡ።

ከመዘምራኑ ጋርም ተገናኘሁ። ሁሉም ይመጣሉ። ስለ ጉባኤው ሲጠይቁኝ አወራሁ፣ አወራሁ፤ ስለ እትዬ ይታይሽ ግን ነገሩ ከአፌ አልወጣም። የራሴ ብቻ የሆነ ደስታ ሆኖብኝ ነው መሰለኝ።

እሁድ፣ ጥቅምት 9

ከቅዳሴ መልስ ሄድኩ። ሳፋውን ሳወጣ፣ "ቆይ፤ ተቀመጭ" አሉኝ። "ዛሬ ደወሉን ሰማሁ። እስኪ ያን ይዘሽው የመጣሽውን ቃል አምጭው።"

"ውሃውን ይደፉብኛላ!"

"ስለ ጉባኤ አልኩሽ እንጂ ስለ እግዜር አላልኩሽም።"

በሰንበት ትምህርት ቤት ስንት ዓመት መድረክ ላይ ቆሜያለሁ። ማይክ ስይዝ አልፈራም። ዛሬ ግን አንዲት እናት ፊት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ምን እንደምል ጠፋኝ። ዝም ብዬ ያችን አሥራ ሁለት ዓመት የታመመችውን ሴት አወራኋቸው። ሕዝቡ ጌታን ከግራ ከቀኝ ሲያጨናንቀው፣ ከኋላ መጥታ የልብሱን ጫፍ የነካችውን። እሱም ያን ሁሉ ሕዝብ ትቶ ማን ነካኝ እንዳለ።

"ተደብቃ ነው የነካችው?" አሉ።

"አዎ፣ ተደብቃ።"

"ሲያውቅባት ተቆጣት?"

"አልተቆጣትም። 'ልጄ' አላት።"

"ልጄ አላት?"

"ልጄ አላት።"

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። ከነጠላው ሥር ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሰብኬ አላበቃሁም፤ መጨረስም አላስፈለገም። ውሃውን አሙቄ አጠብኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ዛሬ ነው የገባኝ፣ የቀረሁት እኔ! ክርስትናው እሁድ 16። ጉባኤውም እሁድ 16። ከዚህ እስከ ክርስትናው ቦታ በጋሪም በባጃጅም ሄዶ፣ ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ድግሱን ቀምሶ መመለስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። የመድረኩን መርሐ ግብር የምመራው እኔ ነኝ።

ትዕግስት እንድትሄድላቸው ለመንኳት። እሁድ ተረኛ ናት።

እስካሁን ለማንም አልነገርኩም። ምናልባት እትዬ ይታይሽ ራሳቸው ባይሄዱስ? እንዲህ ብዬ ማሰቤ አሳፈረኝ፤ ግን አስቤዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሕመሙ ተነሳባቸው። ከጠዋት ጀምሮ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፤ ግራ እግራቸው ቀልቶ እንደ እሳት ይፋጃል። እኔ ያጠብኩት እግር! ምን አበላሸሁ?

ትዕግስት ሮጣ መጣች። እንዲህ ዓይነት እብጠት በፊትም ይነሳባቸው እንደነበር ጠይቃ አረጋገጠች፤ ያንች ጥፋት አይደለም አለችኝ። መድኃኒት ሰጠቻቸው። እግራቸውን ከፍ አድርገን፣ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ አደረግንበት።

የትናንትናዋ ሐሳቤ ትዝ አለችኝ። እንዳይሄዱ ተመኝቼ ነበር። ጌታ ሆይ፣ እንደዚያ አላልኩም። ብልም አትስማኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሚካኤል። ትኩሳቱ አልለቀቃቸውም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎጆው ውስጥ ሰው አለ። ቄስ ደምሌ! ገብተዋል። ጥምጥማቸው ጎንበስ ብሎ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የራሰውን ጨርቅ እየጨመቁ ይቀይራሉ። እኔን ሲያዩ፣ "ከወንዝ ውሃ ቀድቼ መጣሁ። ሰባት ዓመት ዘገየሁ እንጂ መንገዱስ አጭር ነው" አሉ።

እትዬ ይታይሽ ከተኙበት፣ "አባ፣ ጨርቁን በደንብ ይጭመቁት፤ አንሶላዬን አራሱት እኮ" አሉ። ቀልዳቸው ከተመለሰ ደህና ናቸው ማለት ነው ብዬ ከውስጤ ሳቅኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ለቀቃቸው! ጠዋት ስደርስ ተነስተው ተቀምጠው ሽሮ ይበላሉ። እብጠቱም ጎደለ።

"እሁድ ስንት ቀን ቀረው?" አሉ። "ሦስት" አልኩ። "እሄዳለሁ" አሉ። "ልጄ አትጥራኝ፤ እሷ ብትፈራ እኔ አልፈራም። የሚያዩኝ ይዩኝ። ልጁን ግን አየዋለሁ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አንች ካለሽ ነው እንጂ" አሉ።

አለሁ አልኩ። ያን ቃል ሳወጣ ከባድ ነገር ከትከሻዬ ወረደ፤ እንደሸከምኩትም አላውቅም ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

የኮሚቴው ሰብሳቢ ቤት ሄጄ እሁድ እንደማልኖር ነገርኳቸው። "ለአንድ ሰው ብለሽ አምስት መቶ ሰው ልትተይ?" አሉኝ። "አምስት መቶው እርስዎ አሏቸው። እሳቸው ሌላ ሰው የላቸውም" አልኩ። አልተደሰቱም፤ መርሐ ግብሩን ግን ተቀበሉኝ። ገጽ በገጽ አስረዳኋቸው። ስሰጣቸው እጄ ትንሽ ቆየበት።

ጫማው ደረሰ! ሹፌሩ ራሱ "ይሄ የማን ነው?" ብሎ እየሳቀ አስረከበኝ። እየሮጥኩ ወሰድኩት። እትዬ ይታይሽ አገላብጠው አዩት፤ አሸተቱት፤ ጎማውን በጥፍራቸው መቱት። "ይህን የሰፋ ሰው እናቱ ትባረክ" አሉ። የጫማ ሰፊውን እናት ታሪክ ነገርኳቸው። "እንግዲያ ነፍሷን ይማር" አሉ።

ካልሲ፣ ከዚያ ጫማ። ልኩ ነው! ተነሱ። ሦስት እርምጃ ወደ በሩ፤ ሦስት ወደ ምድጃው። በሕይወታቸው የመጀመሪያው ጫማ ነው፤ ሃምሳ ስንት ዓመታቸው። እንደ ሕፃን እያዩት፣ "ይጮኻል" አሉ። እውነትም ሲሄዱ ሲጥ ሲጥ ይላል። ትዕግስትና እኔ እስክናለቅስ ሳቅን።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

መዘምራኑ ገቡ። ሰፈሩ በሙሉ ዘመረ ማለት ይቻላል። ድንኳኑ ተተከለ። ማይኩን ሲፈትሹ ድምፁ ወንዝ ማዶ ድረስ ይሰማል። ይህን ቀን ስንት ወር ጠብቄዋለሁ።

እትዬ ይታይሽ ጸጉራቸውን ተሠርተዋል። ቀሚሳቸውን አጥበው አስጥተዋል። ቄስ ደምሌም መጥተው ለብቻቸው ብዙ አወሩ፤ እኔ ውጭ ቆየሁ።

እሁድ፣ ጥቅምት 16

እጄ እየደከመ ነው፤ ግን ዛሬን ሳልጽፍ አላድርም።

ጎህ ሲቀድ በጋሪ ተነሳን። ጋሪው ላይ እግራቸውን በጆንያ ላይ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩላቸው። አስፋልቱ ላይ ባጃጅ ያዝን። የባጃጁ ልጅ ጫማውን አይቶ፣ "እማማ፣ ይሄ ሞዴል አዲስ ነው" አላቸው። "ከፍኖተ ሰላም ነው ያስመጣሁት" አሉት፤ ኮራ ብለው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ ነው የደነገጥኩት። ደረጃው ላይ ጫማ ተደርድሯል። ጫማ ወልቆ ነው የሚገባው! ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ጫማ ሳስብ፣ በሩ ላይ እንደሚወለቅ እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? ወደ እትዬ ይታይሽ ዞርኩ። እሳቸውም ጫማዎቹን እያዩ ነው።

"ውጭ እንቁም፤ ብዙ ሰው ውጭ ይቆማል" አልኩ።

"ሰባት ዓመት ውጭ ቆሜያለሁ" አሉ። ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ማሰሪያውን ራሳቸው ፈቱት፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ከሌሎቹ ጫማዎች አጠገብ አስተካክለው አኖሩት። በነጭ ካልሲ ተነሱ። በአጠገባችን የምታልፍ ሴት አየቻቸው፣ እግራቸውን አየች፤ አለፈች። አፍንጫዋን አልያዘችም። ምንም የሚያስይዝ የለም!

ክርስትና ቤቱ በር ላይ ሙሉ ልጇን ታቅፋ ቆማለች። እናቷን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። አጠገቧ የባሏ እናት አሉ። እትዬ ይታይሽ ርቀው ቆሙ፤ አልቀረቡም። "ላየው ብቻ ነው የመጣሁት፤ እመለሳለሁ" አሉ።

የሙሉ አማት መጀመሪያ ፊታቸውን፣ ከዚያ እግራቸውን አዩ። ቆዩበት። ሙሉ እንባዋ መጣ። እኔ የተማርኩትን ሁሉ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ አይተላለፍም፣ ዘር አይደለም፣ አፈሩ ነው። አማትየዋ እጃቸውን አነሱና አስቆሙኝ።

"እህቴ፣ ይህን እግር ማን አጠበልሽ?" አሉ።

እትዬ ይታይሽ ወደ እኔ ጠቆሙ።

"ወደ መተከል ወርዷል ያልናችሁ ወንድሜ አለ አይደል? ሙላት" አሉ አማትየዋ። "መተከል አልወረደም። ከጓሯችን ካለች ጎጆ ነው። እንደዚህ ነው እግሩ። እናንተ እንዳታውቁ ደበቅነው፤ ዘር ነው ብላችሁ ልጃችሁን እንዳትነጥቁን።"

ሙሉ እናቷን አየች፤ እናቷም እሷን። ከሁለቱ ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። ሙሉ እየሳቀችና እያለቀሰች ነው እናቷ አንገት ላይ የተጠመጠመችው፤ ሕፃኑ መሐል ሆኖ ሊታፈን ነበር። አማትየዋ ሕፃኑን ወሰዱና ለእትዬ ይታይሽ አሳቀፉ። እሳቸውም በአዊኛ አንጎራጎሩለት። ቋንቋውን አላውቀውም። ሕፃኑም አያውቀውም። እሱ ግን ተኛ።

ካህኑ ሲያጠምቁት ነቃና በለቅሶ አገር አቀለጠ። ከዚያ ቅዳሴ። እትዬ ይታይሽ በሴቶቹ በኩል፣ ከሙሉና ከአማቷ መሐል፣ እስከ መጨረሻው ቆሙ። መቋሚያ ተቀብለው ተደገፉ እንጂ አልወጡም። እኔ ከኋላ ሆኜ አየኋቸው። ምንም አልጸለይኩም ማለት ይቻላል፤ ዝም ብዬ አየኋቸው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ጉባኤው ያለ እኔ ሆነ፤ ደግሞም አምሮ ሆነ። ሰባኪው ግሩም፣ ዝማሬው ግሩም። ሰው ድንኳኑን ሞልቶ ከዛፉ ሥር ተቀምጧል። የኮሚቴውን ሰብሳቢ ስንት ሰው መጣ ብዬ ጠየቅኳቸው። "ማን ይቆጥራል? ቆጣሪዋ የለሽ" አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ሴትዮዋስ ደህና ገቡ?" አሉ። ነገርኳቸው። ትርፍ ካልሲ እቤታቸው እንዳለና እንደሚልኩ ነገሩኝ።

ትንሽ ቅር ብሎኛል፤ ያለ እኔ መሆኑ። ማታ ላይ ግን ቅሬታዬን ፈልጌ አጣሁት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ አያ ሙላት ዘንድ፣ ከአማትየዋ ጓሮ ሄድን። እኔ፣ ትዕግስት፣ እትዬ ይታይሽ። ሳፋውን የያዙት እትዬ ይታይሽ ናቸው፤ ለማንም አልሰጡም።

በሩ ተዘግቷል። የአያ ሙላት እህት አንኳኩ። "ሂዱ ብያለሁ" የሚል ወፍራም ድምፅ መጣ። ትዕግስት ልታስረዳ ጀመረች፤ "ሂዱ!"። እኔም ሞከርኩ፤ "አስተማሪ አላስፈለገኝም!"

እትዬ ይታይሽ ሳፋውን መሬት ላይ አኖሩ። በሩ ሥር ተቀመጡ። ጫማቸውን ፈቱ፤ ካልሲያቸውን አወለቁ፤ እግራቸውን ዘረጉና፣ "ያ ሰውዬ፣ አትናገር፤ ብቻ በቀዳዳው እይ" አሉ።

ዶሮ ብቻ ትጮኻለች። ከዚያ በሩ ስንዝር ያህል ተከፈተ።

"ያማል?" አለ ድምፁ።

"ቫዝሊኑ ይቀዘቅዛል፤ ሌላው አያምም" አሉ እትዬ ይታይሽ።

በሩ ሌላ ስንዝር ተከፈተና አንድ እግር ብቻ ወጣ። ግራው። ሰውየው ከውስጥ ናቸው፤ ፊታቸውን አላየንም። "ዛሬ ይህን ብቻ" አሉ።

እትዬ ይታይሽ አጠቡ። በየጣቱ መሐል፣ በየእጥፋቱ፣ ሳይፈትጉ። ትዕግስት ልክ መሆናቸውን በዓይኗ ጠቀሰችኝ። እኔ ውሃ አፈሰስኩ፤ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ሲጨርሱ እግሩ ወደ ውስጥ ተመለሰ፤ በሩም ተዘጋ። አመሰግናለሁ እንኳ አላሉም።

ግቢውን ልንወጣ ስንል ግን ከበስተኋላችን ያ ወፍራም ድምፅ፣ "ዓርብ ቀኝ እግሬ ቤት አለ" አለ።